የጧሪ ስም

የአህመድ ወፍጮ ባይቆም ኖሮ አልታዬ ነገሩን ሳትሰማው ትቀር ነበር። ወፍጮ ቤት ሰው የሚያወራው እየጮኸ ነው፤ ሞተሩ ሲያጓራ የሴቶቹ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል እንጂ ቃሉ ጎን ለጎን ከቆሙት አያልፍም። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰና ሞተሩ ድንገት ዝም ሲል፣ ግድግዳው ሁሉ ዱቄት በለበሰው ክፍል ውስጥ የፈንታዬ ድምፅ ብቻውን እየጮኸ ቀረ።

«እናቷን ውሃ ታስቀዳለች እኮ ነው የምልሽ!»

ማንም ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገም። ሴቶቹ መጀመሪያ አልታዬን አዩ፣ ቀጥሎ የየራሳቸውን ስልቻ። ከአጠገቧ ስልቻዋ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ሩቂያ ነገሩን በሳቅ ልታልፈው ፈልጋ፣ «ኧረ በአላህ ፈንታዬ፣ ቺንጋው ሲጠገን ምላስሽን አብረሽ አስፈጪው፤ ልሞ ይውጣልን» አለች። ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ፈንታዬ ግን ከጀመረችው የምትመለስ ሴት አልነበረችም።

«እኔ ምን አልኩ? ያየሁትን ነው ያወራሁት። አስተማሪ ናት፣ ደሞዝተኛ ናት፤ እንደዚያ ያሉትን እናት ቅል አስይዞ ምንጭ መስደድ ምን ይባላል? ያለፈው ቅዳሜም አይቻለሁ።»

«የማንን እናት?» አለች አልታዬ።

«ያንቺን ነዋ። የማንን ልልሽ ነው?»

አልታዬ ሳቅ መጣባት። እናቷ ወይዘሮ ንግሥቴ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰባት ወራቸው ነው። ባለፈው ነሐሴ ደጃፉ ላይ ያለው እርጥብ ድንጋይ አንሸራተታቸውና ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም፤ ወጌሻው አራጌ ዳሌያቸውን በቅቤ አሽቶ፣ «ከእንግዲህ እርፍ ይበሉ፤ ሮጠው የሚያመጡት የለ» ብሎ ሄደ። አልታዬ ይህን ቃል እንደ ሕግ ያዘችው። ከባሏ ከስማቸው ጋር ትተኛበት የነበረውን አልጋ ለእናቷ ለቅቃ እሷ መደብ ላይ ወረደች። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ፊታቸውን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ፖፖውን ትደፋለች፤ ዳቦውንና ውሃውን እጃቸው በሚደርስበት አስቀምጣ «እስክመጣ እንዳትነሺ» ትላለች። ማታ መጥታ አቅፋ ታነሣቸዋለች፣ እግራቸውን ታጥባለች፣ አቅፋ ታስተኛቸዋለች። ወይዘሮ ንግሥቴ ሲከሱ፣ ጭናቸው እንደ እንዝርት ሲቀጥን ታያለች፤ እርጅና ነው ብላ ጉርሻውን ታበዛለች። መካነ ሰላም ትንሽ ከተማ ነው፤ ይህ ሁሉ ተወርቷል። በቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ በእድርም፣ ልጅ የሌላቸውም ያላቸውም እኩል «እንደ አልታዬ ያለ ጧሪ ይስጠን» ይሉ ነበር። አልታዬ ለማንም ብላው ባታውቅም፣ ስማቸው ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከመደቧ የሚያስነሣት ይህ ምርቃት ነበር።

ሳቁ ግን አፏ ላይ ደረቀ። ቅዳሜ ጠዋት እሷ ወፍጮ ቤት ናት፤ ከዚያም የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለባት፤ እስከ ስድስት ሰዓት ቤት እንደማትደርስ የሚያውቅ ያውቃል። ስልቻዋን ለሩቂያ አደራ ሰጠችና፣ ለቁናው የሚከፈለውን አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሳንቲም እጇ ላይ ቆጥራላት ወጣች። ሩቂያ ከኋላዋ፣ «አብሽሪ፣ የፈንታዬን ወሬ ይዘሽ አትሩጪ» ስትላት ሰማች። አልሮጠችም። አስተማሪ በከተማ ውስጥ አይሮጥም። ቤቷንም አልፋ ወደ ምንጩ በሚወስደው ቁልቁለት ወረደች።

መጋቢት ነበርና ምንጩ ቀጥኗል። ሴቶች ማድጋቸውን ተራ አስይዘው ወደ ጥላ ሸሽተዋል። አልታዬ ከባሕር ዛፉ ግንድ ጀርባ ቆመች። እናቷ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ነጠላቸው ወገባቸው ላይ ታስሯል፣ ትንሽ ቅል እግራቸው ሥር ተቀምጣለች። ፊት ለፊታቸው ሐረግ ቆማለች። ሐረግ ከጓሮው ክፍል የምትኖረው ሴት ናት። ክፍሉን ስማቸው ሊያከራየው የሠራው ነበር፤ አምና ሐምሌ የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ቀበሌ ወሰደውና ለሐረግ በወር ሦስት ብር ሰጣት። በስልሳ ስድስት፣ ያ የረሃብ ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ከመቅደላ በኩል በእግሯ ከመጡት አንዷ ናት፤ እንጨት ለቅማ ትሸጣለች። አልታዬ አሮጌ ቀሚስ ሰጥታታለች፣ የተረፈ እንጀራ ሰጥታታለች። ለሐረግ መስጠት ደስ ይላት ነበር። ሐረግ ለእሷ ቤት የምትሰጠው ነገር ይኖራል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

«እጅዎን ደረትዎ ላይ» አለች ሐረግ። «ድንጋዩን እንዳይነኩ። ጴጥሮስ።»

ወይዘሮ ንግሥቴ ብድግ አሉ። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቆሙ። ተቀመጡ።

«እንድርያስ።» ተነሡ፤ ተቀመጡ። «ያዕቆብ። ዮሐንስ።» በየሐዋርያው ስም አንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ አንድ ጊዜ ይቀመጣሉ። ስምንተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና አረፉ፤ ሐረግም ቆማ ጠበቀች እንጂ ልትደግፋቸው እጇን አልዘረጋችም። አሥራ ሁለተኛው ሲደርስ፣ «ለይሁዳማ አልነሣለትም!» አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ።

«በማትያስ ተተክቷል፤ ይነሡ።»

«አንቺ ደግሞ ደብተራ ሆንሽብኝ። ቁጭ በይ ትይኛለሽ፣ ተነሺ ትይኛለሽ፤ እንደ በቅሎ ነጋዴ ነሽ።»

«በቅሎ ቢሆኑማ ኖሮ አጅባር ገበያ ወስጄ እሸጥዎት ነበር።»

«ጥርሴን አይቶ ማን ይገዛኛል!»

ሳቁ። አልታዬ ይህን ሳቅ ታውቀዋለች፤ ከሆድ የሚነሣ፣ መጨረሻው ሳል የሚሆን ሳቅ ነው፤ አባቷ በሕይወት ሳሉ፣ እሷ ልጅ ሳለች ትሰማው ነበር። በራሷ ቤት ግን ከነሐሴ ወዲህ አንድ ቀን አልሰማችውም። ከዚያ እናቷ ቅሏን ግማሽ ሞልተው ዳገቱን ጀመሩት። ሐረግ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሆና ትከተላቸዋለች፤ ይቆማሉ፣ ትቆማለች፤ ይሄዳሉ፣ ትሄዳለች። ቅሏ በቀኝ እጃቸው፣ ምርኩዙ በግራቸው። እግራቸው አይጎተትም፤ ተረከዛቸው ቀድሞ መሬት ይነካል፤ ጠጠር ሲያጋጥማቸው ያነሡታል። ማታ ማታ አልታዬ አቅፋ ስትወስዳቸው ግን ይህ እግር እንደ ቁራጭ እንጨት ወለሉን ይጠርግ ነበር። አልታዬ በአቋራጭ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሚያቃጥላት የፈንታዬ ሐሜት አልነበረም። ሐሜት ይነጻል። እናቷ ለሐረግ የሳቁት ሳቅ ግን የሚነጻ አይደለም።

ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍልና ጓዳ ነው። አልታዬ ከፊት በር ውጭ፣ አጥሩ ጥግ ቆማ ጠበቀች። የጓሮው በር ሲነቃነቅ ሰማች፤ ቅሏ ስትንጠለጠል ሰማች፤ አልጋው ሲጥ ሲል ሰማች። ትንሽ ቆይታ፣ ከወፍጮ እንደመጣ ሰው ነጠላዋን አራግፋ ገባች። ወይዘሮ ንግሥቴ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል።

«መጣሽልኝ? ዛሬ ቀደምሽ» አሉ። «እስቲ አንሺኝ።»

አነሣቻቸው። በየቀኑ እንደምታደርገው አንድ እጇን ከትከሻቸው፣ አንድ እጇን ከጉልበታቸው ሥር አድርጋ አነሣቻቸው፤ እናቷም በየቀኑ እንደሚሆኑት ሙሉ ክብደታቸውን ለቀቁባት። እስከዚያ ቀን ድረስ አልታዬ ይህ ክብደት የድካም ክብደት ይመስላት ነበር። አሁን የተሰጣት ነገር እንደሆነ ገባት፤ ሰው ለሕፃን የማይከብድ ዕቃ ሰጥቶ «ጎበዝ፣ ተሸከምክልኝ» እንደሚለው ያለ። ሽሮውን አሙቃ አቀረበች። አጎረሰች። ሁለቱም ስለ ወፍጮው ቺንጋ ተጨዋወቱ፤ አህመድ ሰፍቶ ለዛሬ ቢያስነሣውም መለዋወጫ ከደሴ እስኪያስመጣ ሰው በእጅ መፍጨቱ አይቀርም፣ ጾሙ ደግሞ ሽሮ ይፈጃል ተባባሉ። ከምሳ በኋላ አልታዬ፣ የማታው ሰዓት ሳይደርስ፣ ሣፋውን አቀረበችና የእናቷን እግር ታጥብ ጀመር። በጣቶቻቸው መካከል የምንጩ ዳር ቀይ ጭቃ ነበረ። በአውራ ጣቷ እየፈለገች አወጣችው፤ ውሃው ቀላ። ወይዘሮ ንግሥቴ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ወደቆየው የአምና ቀን መቁጠሪያ ፊታቸውን አዞሩ። አንዲት ቃል ቢናገሩ ኖሮ፣ ወይም እሷ ብትጠይቅ ኖሮ፣ የዚያ ቀን ነገር እዚያው ሣፋው ውስጥ ይቀር ነበር። አልጠየቀችም። ውሃውን ደጅ ደፋች፣ ብዕሯን ከመጽሐፍ መደርደሪያው አነሣች፣ ወደ ቀበሌ ሄደች።

ቀበሌው የተቀመጠው ድሮ የአንድ ባለርስት የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ተጽፏል፤ ከሥሩ ግን አሁንም የገብስ ሽታ አለ። ሊቀመንበሩ አቶ ቢተው ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁንም ሲያስብ ቀኝ አመልካች ጣቱን በአውራ ጣቱ ይፈትጋል፣ የጣት ቆቡ ያለ ይመስል። ክፉ ሰው አይደለም። ከአውራጃ የመጣው ቅጽ አስጨንቆታል እንጂ። በቅጹ ላይ እያንዳንዱ ቤት፣ በቤቱ የሚኖር ሰው፣ ዕድሜና ሥራ ይሞላል፤ ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ ለሆኑት ደግሞ «የጧሪ ስም» የሚል ዓምድ አለ። አልታዬ እጀ ጽሑፏ ስለሚያምር ሳምንቱን ሙሉ ስትሞላ የሰነበተችው እሷ ናት። የራሷን ቤት መጨረሻ ላይ ትታዋለች። ያንን ዓምድ በራሷ ስም የምትሞላበትን ሰዓት፣ ጣፋጭ ነገር ለመጨረሻ እንደሚያስቀምጥ ልጅ፣ አስቀምጣው ነበር።

«ጓዲት አልታዬ፣ ያንቺ ብቻ ነው የቀረ» አለ ቢተው። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሽገዋለሁ፤ ነገ በሌሊት የሚሄድ መኪና አለ። የጓሮሽን ሴትዮ እንዴት እናድርጋት? ለመሬት ክፍፍሉ አዲስ ሠራተኞች ተመድበውብናል፣ ቤት የለኝም። ሥራ የሌለው ሰው ቤቱን ይለቅና በረሃቡ ጊዜ ወደተሠራው የቆርቆሮ መጠለያ ይግባ ነው የሚለው መመሪያው፤ እንጨት ለቀማ እንደ ሥራ አይቆጠርም። የሽማግሌ ጧሪ ሆኖ የተመዘገበ ብቻ አይነካም።»

«ለአንድ ሰው ሁለት ጧሪ ይጻፋል?» አለች አልታዬ። የምትጠይቀውን መልስ ታውቀው ነበር፤ ላለፉት አምስት ቀናት ለሌላው ሰው ስታስረዳ የሰነበተችው እሷ ናት።

«አንድ ለአንድ ነው። ምነው፣ ሴትዮዋ እናትሽን ትረዳለች እንዴ?»

አልታዬ ብዕሯን ነከረች። የጥቁሩ ቀለም ጠርሙስ ጠርዝ ላይ ትርፉን አንጠባጠበች። «ውሃ ታስቀዳቸዋለች» አለች። እውነት ነበር፤ ያ ነው ክፋቱ። ቢተው ሐረግ ለአሮጊቷ ውሃ ትቀዳለች ያለች መስሎት ይሁን፣ ወይም አሮጊቷን ውሃ ታስቀዳለች ያለች መስሎት፣ ጣቱን ፈተገ። አልታዬም አላብራራችለትም። «ሐረግ ሞላ፤ ዕድሜ ሠላሳ አራት፤ ሥራ፦ የላትም።» ቀጥሎ «ንግሥቴ ወርቄ፤ ዕድሜ ሰባ አንድ፤ የጧሪ ስም፦ አልታዬ ብዙነህ።» ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነሰነሰችበት። ስሟ አምሮ ወጣ። የምትጠብቀው ደስታ ግን አልመጣም፤ ይመጣ ይሆናል ብላ ወረቀቱን ጥቂት አየችው፣ ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። በሩን ስትከፍተው እናቷ በክፍሉ መካከል፣ መሬት ላይ፣ በጀርባቸው ተዘርግተዋል።

«እማዬ!»

«አትንኪኝ!» አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ። ድምፃቸው የወደቀ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ቆይ። ተይኝ። እዪ።»

አልታዬ ግማሽ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። እናቷ ቀኝ ጉልበታቸውን አጠፉ፤ በግራ ጎናቸው ተገለበጡ፤ አረፍ አሉ። በክርናቸው ተደግፈው ከፍ አሉ፣ ሁለት መዳፋቸውን መሬት ላይ ጣሉ፣ በአራት እግራቸው ሆኑ። እንደ ሕፃን እየዳኹ ወደ መደቡ ሄዱ። መደቡን በእጃቸው ያዙ፤ አንድ እግራቸውን ተከሉ፤ ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ ቆሙ። ነጠላቸው ላይ የተጣበቀውን ጭድ አራገፉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ይህ ሁሉ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» የሚያስደግም ጊዜ ወሰደ።

«ዛሬ ማየትሽን አውቄያለሁ» አሉ። «እግሬን ስታጥቢው አወቅሁ። ስለዚህ ሁሉንም እዪው።»

አልታዬ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ታኅሣሥ ላይ ወድቄ ነበር። ትምህርት ቤት ነበርሽ። ፖፖውን ልሳብ ብዬ ካልጋው ወረድሁ፤ እግሬ የለም። ከጠዋት እስከ ቀትር እዚህ፣ አሁን ባየሽኝ ቦታ ተኛሁ። መነሣት አቃተኝ። መውደቁስ ወደቅሁ፤ ሰው ሆኜ ከመሬት መነሣት እንዴት ያቅተኛል? እየጮኽሁ ነው ሐረግ የሰማችኝ። ልታነሣኝ ነው ስል ቁጭ አለችና፣ ‹እንዴት እንደሚነሡ ላሳይዎት› አለችኝ። ክፉ ሰው መሰለችኝ።» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ። «እናቷ መጠለያው ውስጥ ነው የሞተችባት፤ ያ የቆርቆሮው። ከመቅደላ እዚህ ድረስ በእግሯ የመጣችን ሴት፣ እዚህ ከደረሰች በኋላ ሐረግ ‹አንቺ እረፊ› አለቻት። ጥላ ፈልጋ አስቀመጠቻት፣ ምግቡን እየተቀበለች አመጣችላት፣ አጎረሰቻት። አንድ ወር አልቆየችም። ‹የሚሄዱት ሲተርፉ የተቀመጡት ነው የቀሩ፤ እኔ አስቀምጬ ነው የገደልኋት› ትላለች። ልክ ይሁን አይሁን እግዜር ያውቃል። እኔ የማውቀው ጭኔ መመለሱን ነው። ለስቅለት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እሰግዳለሁ፤ ያልሁት ይኸው ነው።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ታስተኚኛለሻ።»

«ታዲያ ማታ ማታ…» ጀርባዋን ከበሩ አላቀቀች። «ማታ ማታ አንሺኝ የምትይኝ ለምንድን ነው?»

ወይዘሮ ንግሥቴ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩ። «የምታነሺው እንዲኖርሽ ነዋ» አሉ። «ስማቸው ከሞተ ወዲህ እጅሽን ሳየው ይጨንቀኛል። ሥራ ስታጪ ጣትሽን ትቆጥሪያለሽ። እኔ ብነሣ አንቺ ትቀመጫለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ውጭ የሰው በግ ይጮኻል። አልታዬ በሕይወቷ ብዙ ነገር ተነፍጋ ይሆናል፤ እንዲህ ተዝኖላት ግን አታውቅም፤ ከተነፈገችውም ሁሉ ይህ የባሰ መሰላት። እሷ እናቷን ስትጦር፣ እናቷ እሷን ሲጦሩ ከርመዋል፤ በእውነት የተሠራው ሥራ ደግሞ በሁለቱም አልነበረም፣ በጓሮ በኩል በገባች በእንጨት ለቃሚ ነው። ቀናች። በምንጩ ዳር ከቀናችው ይልቅ አሁን ቀናች፤ ያኔ የቀናችው በሳቁ ነበር፣ አሁን የቀናችው ሐረግ በምታውቀው ነገር ነው። ሐረግ ያወቀችውን ያወቀችበትን ዋጋ ስታስብ ደግሞ የምትቀናበት አጣች፤ ቅናቱ ግን አልሄደም።

«ወደ መጠለያው መልሻታለሁ» አለች በመጨረሻ። «አሁን። ቀበሌ ነበርሁ። ሥራ የላትም ብዬ ጻፍሁ። ጧሪሽ እኔ ነኝ ብዬ ጻፍሁ።»

እናቷ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ቢጮኹ ይቀል ነበር። «እንጨቷን ልትሸጥ ወጥታለች፤ አልሰማችም ማለት ነው» አሉ። «አይቀየርም?»

«ተጧሪው ራሱ ቀርቦ ጧሪዬ እገሌ ናት ብሎ ጣቱን ካላሳረፈ አይቀየርም። አሥራ አንድ ሰዓት ይታሸጋል።»

«ምርኩዜን አምጪ።»

«የአራጌን በቅሎ ልለምንና…»

«በቅሎው እስኪመጣ ይመሻል። ምርኩዜን አልሁሽ።»

ከቤቷ እስከ ቀበሌ አልታዬ በደቂቃዎች ትደርሳለች። የዚያን ቀን ግን መንገዱ እንደ ጾም ረዘመ። መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ያ ድንጋይ አለ፤ ወይዘሮ ንግሥቴ በጎን ሆነው ደካማውን እግራቸውን አስቀድመው ወረዱት። ከዚያ ጠጠሩ ነው። አልታዬ ከጎናቸው ሆና እያንዳንዱን እርምጃ በዓይኗ ትጠብቃለች፤ ፀሐይዋን ታያለች፤ እናቷን ታያለች። የጎርፉ ቦይ ጋ ሲደርሱ አላስቻላትም፤ እግራቸውን ለማሻገር ሲያነሡ ክንዳቸውን ከብብታቸው ሥር ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበች። በሳበቻቸው ቅጽበት ሚዛናቸው ተዛባ። ምርኩዙ ወደቀ፤ ወይዘሮ ንግሥቴ ወደ ቦዩ አዘነበሉ፤ አልታዬ አብራ ልትወድቅ ነበር። አሮጊቷ በፍጥነት አንድ እግራቸውን ወደ ጎን ወርውረው ቦዩ ማዶ ተከሉና፣ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ቆሙ።

«እንዲህ ስትይዢኝ ነው የምወድቀው» አሉ እየተነፈሱ። ቁጣ አልነበረውም። «መያዝ ከፈለግሁ እኔ እይዝሻለሁ። አንቺ አትያዢኝ።»

ምርኩዙን አንሥታ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲያ እጇን የት እንደምታደርገው ጨነቃት። በየደጁ ሰው ወጥቶ ያያል። ሩቂያ በተሰፋው ቺንጋ የተፈጨላትን ዱቄት ይዛ ስትመለስ አገኘቻቸውና ስልቻውን ጥላ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አልሐምዱሊላህ! እማማ ንግሥቴ! ለካ ፈንታዬ አልዋሸችም! ሰባት ወር ተኝተው! ማን አስነሣዎት?»

አልታዬ ወደ መሬት አየች። እናቷ ለመልሱ ጊዜ ወሰዱ፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ አልታዬ «ልጄ» ይሉ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች፤ ተስፋ ማድረጓንም ራሷ ታዘበችው።

«ሐረግ ናት» አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ። «የጓሮዋ ሐረግ።»

«አጃኢብ ነው! አላህ ጀዛዋን ይክፈላት» አለች ሩቂያ። ከዚያ አልታዬን አየቻትና፣ ምን ልበላት ብላ፣ «የአንቺንም ዱቄት ቤት አደርስልሻለሁ» አለች።

ቢተው ቅጾቹን በሲባጎ እያሰረ ደረሱበት። አሮጊቷ ደጃፉን አልፈው ሲገቡ የያዘውን ትቶ ተነሣ፤ አግዳሚ ወንበሩን ሳበላቸው። «ቁሜ ነው የምናገረው» አሉ። «ጧሪዬ ሐረግ ሞላ ናት። ያስነሣችኝ እሷ ናት። ቤቷን እንዳትነኩባት።»

ቢተው ወደ አልታዬ ዞረ። «ሥራ የላትም ብለሽኝ ነበርኮ።»

«ሥራዋን አላወቅሁም ነበር» አለች አልታዬ።

ሲባጎውን ፈታ። ቅጹን ከመካከል መዝዞ ፊቷ ዘረጋላት። አልታዬ ቁጭ አለች፤ ብዕሩን ነከረች። በተማሪዎቿ ደብተር ላይ ስትሰርዝ እንደምታደርገው በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር የራሷን ስም ሰረዘች። ከላዩ የሐረግን ስም ልታሳንሰው፣ ጨመቅ አድርጋ ልታልፈው ፈልጋ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈ እጅ ግን እምቢ አላት፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ እንኳ እንዲያነበው ሆኖ ወጣ። «ሥራ፦ የላትም» የሚለውንም ሰርዛ «ጧሪ» ብላ ጻፈች። ወይዘሮ ንግሥቴ ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ነከሩና ወረቀቱ ላይ ጫኑት።

ቢተው ቅጹን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ አየው። «ስርዝ ድልዝ አለበት። የሰረዘው ሰው አጠገቡ ካልፈረመበት አውራጃ ይመልሰዋል።»

አልታዬ በኅዳጉ ላይ፣ ከተሰረዘው ስሟ ጎን፣ ፈረመች።

ወይዘሮ ንግሥቴ ፊደል አይለዩም። ቀለም የነካውን ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፉ፣ ወደ ላይኛው ስም ጠቁመው፣ «ይቺ ሐረግ ናት?» አሉ።

«አዎ።»

«ይቺ ጥግ ላይ ያለችውስ?»

«የኔ ፊርማ ናት።»

«ምን ትላለች?»

አልታዬ ብዕሯን በጨርቅ ጠረገች።

«የሰረዝሁት እኔ ነኝ ትላለች» አለች።